የጋራ ግድግዳና የጎረቤት ሐቅ



አንድ ወንድማችን ቤቱ ከጎረቤቱ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ መሆኑን ይገልጽና፣ አንድ ክፍል ለመጨመር ወራጆቹን በመሀል ግድግዳው ላይ ላሳርፍ ቢል ጎረቤቱ እንደከለከለው ጽፎልናል። «ሸሪዓ ለማን ይፈርዳል?» ነው ጥያቄው። ጉዳዩ የብዙ ቤት ጉዳይ ነው። በሐረር ጀጎል ውስጥ ቤቶቹ በግድግዳ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ በየከተማው ባሉ ጠባብ ግቢዎችም እንዲሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ግድግዳው የማን እንደሆነ መለየት አለበት። ግድግዳው የጎረቤት ብቻ ከሆነ፣ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የታወቀ ሐዲስ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማንም ሰው ጎረቤቱን በግድግዳው ላይ እንጨት እንዳያሳርፍ እንዳይከለክለው አዘዋል። ዑለማዎች የተለያዩት ትእዛዙ ግዴታ ነው ወይስ የመልካም ጉርብትና ምክር በሚለው ላይ ነው። በኢማም አሕመድ መዝሀብ ባለ ግድግዳው መፍቀድ ግዴታው ነው፤ ግድግዳው የማይጎዳና ጎረቤቱም የግድ የሚያስፈልገው ከሆነ። ኢማም አቡ ሐኒፋና ኢማም ማሊክ ግን የተወደደ እንጂ የሚገደድበት አይደለም ብለዋል። ኢማም ሻፊዒም በኋለኛው አቋማቸው ያለ ፈቃድ አይቻልም ይላሉ።

ግድግዳው የጋራ ሲሆን በሻፊዒያ ዘንድ ደንቡ ጠበቅ ይላል። አንደኛው ሸሪክ ያለ ሌላው ፈቃድ ወራጅ ሊያሳርፍበት፣ ችካል ሊመታበት ወይም መስኮት ሊከፍትበት አይችልም። መደገፍ ወይም ግድግዳውን የማይጎዳ ዕቃ ማስጠጋት ግን ይችላል፤ ይህን የሚከለክል ሰው ክርክሩ ለእልህ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የፈቃዱን ዓይነት ነው። ጎረቤት በነፃ «አሳርፍ» ካለ፣ በሻፊዒያ ዘንድ ይህ ውሰት ነው። ውሰት ደግሞ ይመለሳል! ወራጁ ከተጫነ በኋላ እንኳ ፈቃዱን ሊያነሳ ይችላል የሚለው የጠነከረው አቋም ነው። ያን ጊዜ ባለ ግድግዳው ኪራይ እየተቀበለ ይተወዋል፤ አለበለዚያ ያስነሳውና በመነሳቱ የጎደለውን ዋጋ ይከፍላል። በቡና ላይ በተባለ «እሺ» ብቻ ወጪ ማውጣት አያዋጣም። የማሳረፍ መብቱ በዋጋ ከተሸጠ ግን ሻጩ መመለስ አይችልም። ለዚህም የሚያርፍበት ቦታ፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ የግድግዳው ከፍታና በላዩ የሚሠራው ጣሪያ ዓይነት ተለይቶ መታወቅ አለበት።

ስለ ባለቤትነቱ ክርክር ከተነሳስ? ሐነፊያዎች ወራጅ ያሳረፈውን ያስቀድማሉ። ሻፊዒያ ግን ወራጅን ለማስረጃ አይቆጥሩም፤ የሚያዩት ግድግዳው ከማን ቤት ጋር በአንድነት ተቆላልፎ መገንባቱን ነው። ይህ የግንበኛ ዓይን ይጠይቃል። በ8ኛው የሂጅራ ምዕተ ዓመት በቱኒስ የኖሩት ኢብኑ ራሚ ራሳቸው ግንበኛ ነበሩ። ቃዲው ለመሰል ክርክር ይልካቸው ነበር፤ ስለ ሕንፃ ሕግጋትም መጽሐፍ ጽፈዋል።

የጋራው ግድግዳ ቢፈርስ፣ በሐንበሊያ ዘንድ እምቢ ያለው ሸሪክ አብሮ እንዲሠራ ይገደዳል። በሻፊዒያ አዲሱ አቋም አይገደድም፤ በራሱ ዕቃ መልሶ ልሥራ የሚለው ግን አይከለከልም።

የሀገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1225 ባለ ይዞታ በመሬቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይደነግጋል።

እንግዲህ ወንድማችን፣ መጀመሪያ ግድግዳው የአንተ፣ የእርሱ ወይስ የጋራችሁ መሆኑን አረጋግጥ። ቀጥሎ ግድግዳው ተጨማሪውን ክብደት ይችል እንደሆነ ሁለታችሁም የምታምኑት ባለሙያ ይየው። አይችልም ካለ የጎረቤትህ ክልከላ በሁሉም መዝሀብ ትክክል ነው፤ በራስህ በኩል ምሰሶ አቁም። ይችላል ካለ ሽማግሌ ይዘህ ሐዲሱን አስታውሰው፤ ከተስማማችሁም ልኩንና ዋጋውን ጽፋችሁ፣ ምስክር አስፈርማችሁ፣ የግንባታ ፈቃድ አውጥተህ ሥራ።

ወሏሁ አዕለም።