የከተማ ዛፍና የሰው ጤና

እግዚአብሔር አዳምን በፈጠረው ጊዜ በገነት እንዳኖረው፣ ያበጃትና ይጠብቃትም ዘንድ እንዳዘዘው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፎ እናገኛለን። ስለዚህ ሰው ከአትክልት ጋራ መኖሩ ለጌጥ ብቻ ሳይኾን ለሕይወቱም እንደ ኾነ አባቶቻችን አልሳቱትም። በዘመናችንም የሕክምና ሊቃውንት ይህንኑ ነገር በምርመራ አስረድተዋል።

ሮጀር ኡልሪክ የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ በፔንሲልቫኒያ አገር በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን የ46 በሽተኞች መዝገብ መርምሮ፣ ውጤቱን በ1984 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሳትሞ ነበር። የእኩሌቶቹ መስኮት ወደ ዛፍ፣ የእኩሌቶቹ ወደ ጡብ ግድግዳ ያሳይ ነበር። ዛፍ ያዩ የነበሩት ፈጥነው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ብርቱ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። የ46 ሰው ነገር ብቻውን ፍርድ አይኾንም የሚል ቢኖር፣ የዓለም የጤና ድርጅት የአውሮፓ ክፍል በ2016 የብዙ ምርመራዎችን ፍሬ ሰብስቦ፣ የከተማ አትክልት ለአእምሮ ዕረፍትና ለልብ ጤና የሚረዳ መኾኑን ገልጧል። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። ዛፍ በጥላውና ከቅጠሉ በሚወጣው እርጥበት ሙቀትን ያበርዳል፤ አቧራን ይይዛል፤ ሰውንም በእግሩ እንዲመላለስ ይጋብዛል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የማገዶ እንጨት ስላለቀ፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ የባሕር ዛፍ መተከል ነው። እንግዲህ በዛፍ የጸናች ከተማ ዛፍን ልትንቅ አይገባትም።

ዛሬ በከተማይቱ ውስጥ ያረጁ ጽዶችና ወይራዎች ከሚገኙባቸው ቦታዎች ዋነኞቹ የአብያተ ክርስቲያናት ቅጽሮች ናቸው። ደብር ለአገልጋዮቹ መተዳደሪያ ገንዘብ እንደሚያሻው እናውቃለን፤ ስለ ኪራይ ሱቅ ሲባል ጽድ የሚቈረጥ ከኾነ ግን፣ ከቅዳሴ በኋላ ከጥላው ሥር የሚያርፉት ሽማግሌና በሽተኛ ወዴት ይሂዱ? ሱቅ በአንድ ዓመት ይሠራል፤ ጽድ ግን የተከለው ሰው ልጅ ልጅ ካልደረሰበት በቀር ግርማውን አያገኝም።

ስለዚህ የደብር አስተዳዳሪ ምሳር ከማስነሣቱ በፊት፣ ሹምም በሕንፃ ፈቃድ ላይ ከመፈረሙ በፊት፣ በዚያ ቦታ የቆመውን ዛፍ ወርዶ በዓይኑ ይመልከተው። የሕዝብን ጤና መጠበቅ ከሐኪም ቤት በር አስቀድሞ የሚጀመረው ከዚህ ነውና።