በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሾክ ቲዩብና የመንኮራኩሮች የሙቀት ጋሻ

አንድ መንኮራኩር በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ፕላኔት ከባቢ አየር ሲገባ ከፊቱ ያለው ጋዝ ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። በድንገት ተጨምቆ በሺዎች በሚቆጠር ዲግሪ ይግላል። ሾክ ዌቭ በመባል የሚታወቀው ይህ ብርቱ የግፊት ማዕበል መንኮራኩሩን እንዳያቃጥለው የሙቀት መከላከያ ጋሻ ይገጠምለታል። ጋሻው ከሚገባው በላይ ከወፈረ የምርምር መሣሪያዎችን ክብደት ይሻማል፤ ከሳሳ ደግሞ ለዓመታት የተደከመበት ተልዕኮ በደቂቃዎች ውስጥ ዐመድ ይሆናል።

ለዚህ ውሳኔ የሚረዳ መረጃ ከሚገኝባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኘው የናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል ነው። በማዕከሉ እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ አጋማሽ የተገነባ በኤሌክትሪክ አርክ የሚሠራ ሾክ ቲዩብ አለ።

ሾክ ቲዩብ በራሱ አዲስ ግኝት አይደለም። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ በ1899 ተጠቅሞበታል። ረጅም ቱቦ በስስ መለያ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንደኛው ወገን የታመቀ ገፊ ጋዝ፣ በሌላኛው ደግሞ በዝቅተኛ ግፊት የሚጠናው ጋዝ ይሞላል። መለያው ሲቀደድ ገፊው ጋዝ ሌላውን እንደ ፒስተን ይነዳዋል፤ ማዕበሉም ቀድሞ ይሮጣል።

አስቸጋሪው ፍጥነቱ ነው። ይህን የሚወስነው ግፊቱ ብቻ ሳይሆን ድምፅ በገፊው ጋዝ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ጭምር ነው። ድምፅ በቀላልና በሞቃት ጋዝ ውስጥ ስለሚፈጥን ሂሊየምን የመሰለ ጋዝ ይመረጣል። ይሁንና ቀዝቃዛ ሂሊየም ከጨረቃ የሚመለስ መንኮራኩር የሚገባበትን በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ለማስመሰል አይበቃም። ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገውም ጋዙን ለማጋል ነው።

በኤምስ እስከ 40 ሺህ ቮልት የሚሞሉ ካፓሲተሮች እስከ 1 ነጥብ 25 ሚሊዮን ጁል ያከማቻሉ። መጠኑ ባለ 100 ዋት አምፖልን ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ከማብራት አያልፍም፤ ልዩነቱ ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ መለቀቁ ነው። ጋዙ ግሎ መለያውን ይቀድዳል። ማዕበሉ በቱቦው መስኮቶች ሲያልፍ ስፔክትሮሜትሮች የጋለው ጋዝ የሚረጨውን ብርሃን ይመዘግባሉ። የመለኪያው ጊዜ በማይክሮ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ የሚቆጠር ነው።

ብርሃኑ የሚለካው በእንዲህ ያለ ፍጥነት ሙቀት ወደ ጋሻው በንክኪ ብቻ ሳይሆን በጨረርም ስለሚደርስ ነው። የጨረሩ መጠን እንደ ጋዙ ዓይነት ይለያያል። በመሆኑም ቱቦው ለመሬት በአየር፣ ለማርስ በአብዛኛው በካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሁይገንስ እ.ኤ.አ በ2005 ላረፈባት ለሳተርን ጨረቃ ለቲታን ደግሞ በናይትሮጂንና በሚቴን ይሞላል። በቲታን ሚቴኑ ጥቂት ቢሆንም ሲሰባበር ካርቦኑ ከናይትሮጂን ጋር ተጣምሮ ብርቱ ጨረር ይረጫል።

ቱቦው ጋሻውን ራሱን አይፈትንም፤ የኮምፒዩተር ስሌት የሚታረምበትን አኃዝ ግን ይሰጣል። ስሌት ብቻውን አስተማማኝ አለመሆኑን ጋሊሊዮ የላከው አሳሽ አሳይቷል። አሳሹ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 7 ቀን 1995 በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ያህል እየተምዘገዘገ ወደ ጁፒተር ሲገባ፣ 152 ኪሎ ግራም ከሚመዝነው ጋሻው 80 ኪሎ ግራም ያህሉ ተቃጥሎ ጠፍቷል። ጋሻው አፍንጫው ላይ ከተገመተው ያነሰ፣ ትከሻው ላይ ግን ከተገመተው በላይ ተበልቶ ነበር።