የፌርፋክስ ታፔላ፣ የላሊበላ ጣሪያ



በዚህ ተርም የከፍተኛው ክፍል ተማሪዎች የሚማሩት ስለ ቅርስ ነው። አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ጢያ እያልን በፎቶ ስናሳይ ቆየንና አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «ፌርፋክስስ ቅርስ ነው?» አለች። እኛ አስተማሪዎቹ ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን «ምግብ ቤትና ቡና ቤት እኮ ነው፣ ምኑ ቅርስ ይሆናል» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ልጆቹ በእግራቸው ሄደው የሚያውቋት ኢትዮጵያ እሷ አይደለችም ወይ?» አልን። ክርክሩ ክፍል ውስጥ አላለቀም፣ እስከ ፓርኪንጉ ድረስ ተከተለን። ይህ ጽሑፍም የመጣው ከዚያው ክርክር ነው። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ከቃሉ እንነሳ። ወላጆቻችን «ጥሪትና ቅርስ» ሲሉ ሐውልትና ቤተ መንግሥት ማለታቸው አልነበረም። ሰው ሠርቶ፣ ከበላው አትርፎ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ነገር ቅርስ ይባል ነበር። ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው «እንደ ቁጠባ ነዋ!» አሉ። አዎ፣ እንደ ቁጠባ ነው። ቁጠባ ደግሞ ደብተር ይፈልጋል። መንግሥታት ቅርስ ለመጠበቅ የሚሠሩትን ስናጠና ያየነውም ይህንኑ ነው፦ ያልተመዘገበ ነገር ቢጠፋ ጠያቂ የለውም።

የሚገርመው፣ ሁለቱ አገሮቻችን ይህን ደብተር በሕግ የከፈቱት በአንድ ዓመት ነው። በ1966 ኢትዮጵያ ስለ ጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229ን አወጣች። አሜሪካም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የታሪካዊ ቦታዎች ጥበቃ ሕጓን አጸደቀች። የኢትዮጵያው አዋጅ «ጥንታዊ» ያለው ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በፊት የተሠራውን ነበር፤ እንግዲህ በዚያ ሚዛን አዲስ አበባ ራሷ፣ ከነፒያሳዋና ከነጣይቱ ሆቴሏ፣ ገና ልጅ ናት ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ይህን አሰፋው።

በዚህ አዋጅ ውስጥ ልጆቹን በጣም የሳባቸው ስለ ቁፋሮ የተጻፈው ነው። ለመንገድ፣ ለቤት መሠረት ወይም ለማዕድን ሲቆፍር ጥንታዊ ነገር ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት፤ እስኪረከቡት ድረስም እንዳገኘው አድርጎ ይጠብቀዋል። ቅርስ ፍለጋ ብሎ መቆፈር ደግሞ ያለ ፈቃድ አይቻልም። አንድ ተማሪ «ወርቅ ባገኝስ?» አለ። ወርቅም ቢሆን ልጄ፣ አልነው።

ድንቅነሽን ብዙዎቻችሁ ታስታውሷታላችሁ። በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ በ2013 ደግሞ እዚሁ ሳንታ አና፣ ባወርስ ሙዚየም መጥታ ነበር። (ሳንታ አና ለእኛ ቅርብ ናት፣ ፍሪዌዩ ከፈቀደ።) ያን ጊዜ ለማየት የሄድን ሰዎች አጥንቶቿን ስናይ ያላሰብነው አንድ ነገር አለ። ያ ጉዞ የተፈጸመው በመንግሥት ፈቃድና በስምምነት ስለነበር፣ በዚያው ዓመት ወደ አገሯ ተመልሳለች። የአክሱም ሐውልት ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1937 ተወሰደ፤ ጣሊያን በ1947 በሰላም ውሉ ላይ በ18 ወር ውስጥ የወሰደችውን ልትመልስ ፈረመች፤ ሐውልቱ የገባው ግን በ2005 ነው። በ18 ወር የተባለው 58 ዓመት ፈጀ! ቢሆንም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጠያቂዎቹ የያዙት ያችን ፊርማ ነበር። በ2008 ከቦታው ተመልሶ ቆመ።

መንግሥት ገንዘብ ሲመድብ ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል ማለት እንዳልሆነ የሚያሳየው ላሊበላ ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1978፣ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲጀምር፣ በመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ውስጥ ተመዘገቡ። የሰሜን ተራሮችም አብረው ነበሩ። ድንጋዩ በዝናብ ይሸረሸራል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትልልቅ የብረት ምሰሶ ያላቸው ጣሪያዎች በአንዳንዶቹ ላይ ተሠሩ። ለጊዜው ተብለው ነበር። ጊዜው ግን እየረዘመ ሄደ፤ የከተማው ሰው ምሰሶው ራሱ ቅርሱ ላይ እንዳይወድቅ ይሰጋ ጀመር፤ በ2018 አደባባይ ወጥቶ ጮኸ። በ2019 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው ካዩ በኋላ ፈረንሳይና ኢትዮጵያ አብረው ለመሥራት ተስማሙ።

እዚያው ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ላይ ግን ሌላ መንገድ ተሞክሯል። ከላይ ክዳን ከማልበስ ይልቅ ድንጋዩን ራሱን መጠገን ነው። ሥራውን የዓለም ሐውልቶች ፈንድ የሚባለው ድርጅት ሲመራ፣ የአሜሪካ መንግሥት በአምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድ በኩል ገንዘብ ሰጥቷል። እንግዲህ በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ እያጉረመረምን ከምንከፍለው ታክስ ጥቂት ሳንቲም ላሊበላ ደርሳለች ማለት ነው። ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

እኛ ከላሊበላ የያዝነው ነገር ይህ ነው፦ ጣሪያውን የሠራው ውጭ ያለ ገንዘብ ነው፤ ጣሪያው እየጎዳ መሆኑን የተናገረው ግን ከሥሩ የሚኖረው ሰው ነው። ቄሱ፣ አስጎብኚው፣ ጠዋት ጠዋት ለመሳለም የሚመጡት እናት። ፕሮግራሙ እንዲስተካከል የእነሱ ድምፅ ያስፈልግ ነበር።

ስለ ፒያሳ ብዙ አንጽፍም፤ ያደግንበት ሰዎች አለንና ያማል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርሱ ሁላችንም በስልክ አይተናል። ከተማዋ ሰፊ መንገድ፣ ንጹሕ ቤት ያስፈልጋታል የሚለው እውነት ነው፤ ጭቃ ቤት ውስጥ የኖረ ያውቀዋል። ሆኖም አንድ ቤት ግንቡ ቢቀር እንኳ ኬክ የሚጋግረው፣ ልብስ የሚሰፋው፣ ወርቅ የሚሠራው ሰው ከሰፈሩ ከወጣ ምን ቀረ? ይህ ጥያቄ ወደ ፌርፋክስ ይመልሰናል።

ትንሿ ኢትዮጵያ በከተማው ምክር ቤት ይህን ስም በይፋ ያገኘችው በ2002 ነው። ከዚያ በፊት ሰፈሩን «ትንሿ አዲስ» የሚሉት ነበሩ። ታፔላው ሲሰቀል የነበራችሁ ወላጆች ደስታውን ታውቃላችሁ፤ በዓለም ላይ ከአገራችን ውጭ በስማችን የተጠራ ሰፈር ማየት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ታፔላ ስም ነው። ሕንፃ እንዳይፈርስ አያግድም፣ ኪራይ እንዳይጨምር አያደርግም። ምግብ ቤቶቹ ነገ አንድ በአንድ ቢዘጉና ፎቅ ቢሠራ፣ ታፔላው ከመብራት ምሰሶው ላይ እንዳለ ይቀራል።

ከፌርፋክስ ወደ ምዕራብ ትንሽ ገባ ብላችሁ በእግር ሂዱ። የካርቴ ሰፈሮች ናቸው፤ የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ፣ ቀይ ሸክላ ጣሪያ ያላቸው ያማሩ ቤቶች። እነዚህን ከተማው በታሪካዊ ጥበቃ ክልል ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ባለቤቱ የቤቱን የውጭ ገጽታ ለመቀየር ሲፈልግ ዕቅዱ መታየት አለበት። ይህ የሆነው ነዋሪዎቹ ስለጠየቁ፣ ፎቶና ታሪክ ስላቀረቡ ነው። ጎረቤቶቻችን እኮ ናቸው!

ሎስ አንጀለስ የቅርስ ደንቧን ያወጣችው በ1962 ነው፤ ከሌሎች ትልልቅ ከተሞች ቀድማ። እስካሁን ከ1,200 በላይ ቦታዎች የከተማ ሐውልት ተብለው ተመዝግበዋል። ማንም ሰው ማመልከት ይችላል፤ ዕድሜው ይህን ያህል ይሁን የሚል ገደብም የለም። መስፈርቱ ያማረ ሕንፃ መሆን ብቻ አይደለም፣ የአንድ ሕዝብ የኑሮ ታሪክ የታየበት ቦታም ይገባል። የተመዘገበን ቦታ ላፍርስ የሚል ቢመጣ ኮሚሽኑ እስከ 180 ቀን ሊያዘገየው ይችላል፣ ምክር ቤቱም ሌላ 180 ቀን ሊጨምር። ለዘላለም አይከለክልም፤ ግን አንድ ዓመት ማለት ሰው ለማሰባሰብና መፍትሔ ለመፈለግ ትልቅ ጊዜ ነው። ሚልስ አክት የሚባለው የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ ታሪካዊ ቤቱን ለሚንከባከብ ባለንብረት የንብረት ታክስ ይቀንሳል። ልብ በሉ፣ ለባለንብረት ነው። ተከራይ የሆነ ባለ ሬስቶራንት ከዚህ የሚያገኘው ነገር የለም።

ለተከራይ የቀረበው ከተማው በቅርብ የጀመረው የነባር ንግድ ቤቶች ፕሮግራም ነው። በአንድ አካባቢ ቢያንስ 20 ዓመት ሳያቋርጥ የሠራ ንግድ ቤት ሊመዘገብ ይችላል። ፌርፋክስ ላይ 20 ዓመት የሞላቸው ቤቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፣ አንዳንዶቻችን ሠርጋችንን እዚያ ደግሰናል። ዝርዝሩ ስለሚቀያየር ቅጹን ከመሙላት በፊት የአካባቢያችንን የምክር ቤት ተወካይ ቢሮ መጠየቅ ይሻላል። በእንግሊዝኛ ቅጽ መሙላት የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ካሉ ከእኛ ወላጆች ውስጥ ጠበቃም አካውንታንትም አለ፤ ሻይ እየጠጡ የሚሠራ ሥራ ነው።

ምዝገባ ብቻውን እንደማያድን ትንሿ ቶኪዮን ማየት ይበቃል። በ1995 የፌዴራል መንግሥት ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ አላት። የ1925ቱ የቡድሃ ቤተ መቅደስ በ1992 ሙዚየም ሆኗል። ይህ ሁሉ እያለ በ2024 አገር አቀፉ የታሪካዊ ቦታዎች ጥበቃ ድርጅት አደጋ ላይ ካሉ 11 ቦታዎች አንዷ ብሎ ጠራት፤ ምክንያቱ ኪራይና ነባር ሱቆች መፈናቀላቸው ነው። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ፦ ጃፓኖቹ ሲጮሁ የሚያሳዩት ሰነድ አላቸው። ማን የት ሱቅ እንደነበረው፣ በየትኛው ዓመት እንደከፈተ፣ በፎቶ አለ። ከተማው ከ2010 እስከ 2017 ወደ 880,000 የሚጠጉ ቦታዎችን በቃኘበት ትልቅ ጥናትም የኮሪያውያን፣ የታዮች፣ የፊሊፒኖዎች ታሪክ በየራሱ ተጽፏል። የጻፉት ባለሙያዎች ያለ ማኅበረሰቡ ፎቶና ትዝታ ምንም ሊጽፉ አይችሉም ነበር።

እኛስ? በብሔራዊው መዝገብ ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ 50 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ፌርፋክስ ላይ የኛ ሰዎች መሥራት የጀመሩት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ነው ብለን ብንቆጥር፣ 50 የሚሞላው በ2030ዎቹ መጨረሻና በ2040ዎቹ ነው። ዛሬ 8 ዓመት የሆነው ልጃችሁ ያኔ አዋቂ ሰው ይሆናል። ማመልከቻውን የሚጽፈው እሱ ነው፣ ወይም ማንም አይጽፈውም። የመጀመሪያዎቹ ባለ ምግብ ቤቶች ግን ያን ጊዜ ድረስ አይጠብቁንም፤ አሁንም ያረፉ አሉ። ፎቶዎቹ በመሳቢያና በአሮጌ ስልክ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ተርም የከፍተኛው ክፍል የቤት ሥራ ይህ ይሆናል። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የፌርፋክስ ባለ ሱቅ ወይም ባለ ሬስቶራንት በአማርኛ ይጠይቃል። «እርስዎ መቼ ከፈቱት? ከእርስዎ በፊት እዚህ ቤት ምን ነበር? የመጀመሪያው ሜኑ አለዎት? በሩ ላይ የተነሱት ፎቶስ?» እነሆ «እርስዎ»ንና «አለዎት»ን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው ፊት ይለማመዳሉ፤ ጋሼና እትዬ ማለትንም አትርሱ በሏቸው። እናንተም ቤት ያላችሁን ፎቶ አምጡ። እዚሁ በስካነር አንስተን ወዲያው እንመልሳለን። ጀርባው ላይ ቀኑንና በፎቶው ያሉትን ሰዎች ስም በእርሳስ ጻፉ፤ ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ለይታችሁ። ከፎቶዎቹ ማንኛውንም ለሌላ ከማሳየታችን በፊት ፈቃዳችሁን በጽሑፍ እንጠይቃለን።

በክረምት አገር ቤት ለምትሄዱ አንድ ማሳሰቢያ፦ አሮጌ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ፣ የድሮ ሥዕል ከገበያ አትግዙ፤ ሻጩ «ችግር የለውም» ቢልም። ያለ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ቅርስ ከአገር አይወጣም፣ ቦሌ ላይ ይያዛል። አዲስ ተሠርቶ አሮጌ የሚመስል ዕቃ ከሆነም ደረሰኝና የባለሥልጣኑን ማረጋገጫ ይዛችሁ ተጓዙ።

ፌርፋክስ የምንሄደው ቅዳሜ ነው። ምግብ ቤቶቹ በምሳ ሰዓት ስለሚጨናነቁ ልጆቹን የምንወስደው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው፤ በእኛ 9፣ በፈረንጁ 3። ከየቡድኑ ጋር አንድ ወላጅ ያስፈልገናል፣ ስማችሁን በር ላይ ባለው ወረቀት ላይ አስፍሩልን።