የባልና ሚስት ሰላዮች ፊልም ማንን ያዳምጣል?



የዛሬው ገለጻዬ የሚያተኩረው ባልና ሚስት ሰላዮች ሆነው ዓለም አቀፍ ሽብርን በሚዋጉባቸው ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ላይ ነው። ይህ ዘውግ እንደ ቀላል መዝናኛ ስለሚቆጠር የጥናት ርእስ ሆኖ ሲቀርብ አንዳንዶችን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ነገር ግን ተመልካች ዘብ ሳይቆም የሚቀበለው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በመዝናኛ በኩል ነው። ስለሆነም አንድ ጥያቄ አነሣለሁ፦ እንዲህ ያለው ፊልም ለማን ንግግር ጊዜ ይሰጣል? የማንንስ ንግግር ያቋርጣል?

ለማሳያነት የመረጥሁት በ1994 ለዕይታ የበቃውን የጄምስ ካሜሮንን «ትሩ ላይስ» ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፊልሙ ስም «እውነተኛ ውሸቶች» እንደ ማለት ነው። መነሻው ክሎድ ዚዲ በ1991 ያዘጋጀው የፈረንሳይኛ አስቂኝ ፊልም ነው። በአርኖልድ ሽዋዚኔገር የተተወነው ሃሪ ታስከር በቤቱ የኮምፒዩተር ሻጭ ነው፤ በሥራው ግን የአንድ ሚስጥራዊ የስለላ ድርጅት ባልደረባ ነው። ጄሚ ሊ ከርቲስ የተጫወተቻት ሚስቱ ሔለን በሕግ ቢሮ በጸሐፊነት ትሠራለች፤ የባሏንም እውነተኛ ሥራ አታውቅም። ከቤት ውጭ ያለው አደጋ ደግሞ የኑክሌር አረሮችን ወደ አሜሪካ ያስገባ የአሸባሪዎች ቡድን ነው። ፊልሙ የወጣው ሶቪየት ኅብረት በፈረሰች በሦስተኛው ዓመት፣ የኒው ዮርኩ የዓለም ንግድ ማእከል በ1993 በቦምብ በተመታ በማግሥቱ ዓመት ስለነበር፣ ታሪኩ ከዘመኑ ሥጋት የራቀ አልነበረም።

የፊልሙን ፍንዳታና ሩጫ ለጊዜው ወደ ጎን ብንተው ሦስት የንግግር ትዕይንቶች ጎልተው ይታያሉ።

የመጀመሪያው የሔለን ምርመራ ነው። ሃሪ ሚስቱ ከሌላ ወንድ ጋር እንደምትገናኝ ይጠረጥራል። ወዲያውም የመንግሥትን መሣሪያ በገዛ ቤቱ ላይ ያዞራል፦ ስልኳን ያስጠልፋል፣ ያስከትላታል፣ በመጨረሻም አስይዞ ባዶ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣታል። እርሱ ራሱ ከመስታወት በስተጀርባ ተቀምጦ፣ ድምፁን በመሣሪያ ለውጦ ይጠይቃታል። ሔለን ግን የምትመልሰው ከተጠየቀችው በላይ ነው፤ ሕይወቷ ባዶ እንደሆነባትና አንድ ጊዜ እንኳ ትርጉም ያለው ነገር መሥራት እንደተመኘች ትናገራለች። ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆያል፤ ተመልካቹም ያዳምጣታል።

ሁለተኛው የሃሪ ኑዛዜ ነው። ባልና ሚስቱ በአሸባሪዎቹ እጅ ከወደቁ በኋላ ሃሪ እውነትን የሚያስወጣ መድኃኒት በመርፌ ይወጋል። ሔለንም ዕድሉን ተጠቅማ ለዓመታት ያልጠየቀችውን ትጠይቀዋለች። ጠያቂውና ተጠያቂው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ፊልሙም ለዚህ ልውውጥ በቂ ጊዜ ይሰጣል።

ሦስተኛው የቡድኑ መሪ የአዚዝ መግለጫ ነው። አዚዝ ካሜራ ፊት ቆሞ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከሩቅ ሆነው የሕዝቡን ሴቶችና ሕፃናት እንደገደሉ ይናገራል፤ የአሜሪካ ጦር ከባሕረ ሰላጤው አካባቢ እንዲወጣም ይጠይቃል። ንግግሩ በተጋጋለበት ጊዜ የካሜራው ባትሪ ያልቃል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ቀልዱ በእርግጥም ያስቃል። ነገር ግን በሳቁ መካከል የጠፋውን እናስተውል። በፊልሙ ውስጥ ጠላት ምክንያቱን የሚናገርበት ዋናው ትዕይንት ይህ ሲሆን፣ ምክንያቱ የሚመዘንበት ጊዜ ሳያገኝ መሳቂያ ሆኖ ያልፋል።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልስ የምናገኘው እነዚህን ሦስት ትዕይንቶች ስናነጻጽር ነው። ፊልሙ ለትዳሩ እውነት ጆሮ አለው፤ ለጠላቱ ግን የለውም። ባልና ሚስቱ ሙሉ ሰዎች ይሆኑ ዘንድ ከእነርሱ ውጭ ያለው ሰው ቀጭን ሥዕል ሆኖ መቅረት ነበረበት። ዐረብ አሜሪካውያን ማኅበራት ፊልሙ በወጣበት ወቅት ተቃውሞ ያሰሙትም ስለዚሁ ነው። በፊልሙ ማብቂያ ላይ ሥራው ልብ ወለድ እንደሆነና የየትኛውንም ባህል ወይም ሃይማኖት ድርጊትና እምነት እንደማይወክል የሚገልጽ ማሳሰቢያ ይነበባል። ይሁን እንጂ ከሁለት ሰዓት በላይ በሥዕል የተነገረውን ነገር፣ ታዳሚው ከመቀመጫው በሚነሣበት ሰዓት የሚነበብ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊሽረው አይችልም።

ትዳሩስ በምን ተጠገነ? «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» እንላለን። ፊልሙ ይህን አንድነት ያገኘው ሚስጥሩን ከቤት በማስወጣት ሳይሆን ሔለንን ወደ ሚስጥሩ በማስገባት ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ እርሷም ሰላይ ሆና ከባሏ ጋር ለግዳጅ ትሰማራለች። ባልየው የመንግሥትን ሥልጣን በሚስቱ ላይ ስለመጠቀሙ ግን አንድም ተቋም አይጠይቀውም።

«አስቂኝ ፊልም ነውና ይህን ያህል ሊጠየቅ አይገባም፤ ለቦምብ ተሸካሚም መድረክ መስጠት ተገቢ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መልሴ እንዲህ ነው፦ ማዳመጥ ማጽደቅ አይደለም። የስለላ ሞያ ራሱ የሚቆመው ጠላትን በጥንቃቄ በማዳመጥ ላይ ነው። ከዚህም በላይ ዘውጉ ይህን ማድረግ እንደሚችል ታይቷል። የቀድሞ የሲ.አይ.ኤ. ባልደረባ ጆ ዋይስበርግ የፈጠረውና ከ2013 እስከ 2018 የታየው «ዘ አሜሪካንስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ፣ ባልና ሚስቱን የሶቪየት ሰላዮች አድርጎ በዋሽንግተን አካባቢ ያኖራቸዋል። አሜሪካዊው ተመልካች የአገሩን ጠላቶች ለስድስት ምዕራፎች በቤታቸው ውስጥ ሲከራከሩ፣ ልጆች ሲያሳድጉና ሲጠራጠሩ ሰማቸው። ወንጀላቸውን ግን ድራማው አልሸፈነላቸውም።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን እንዲህ ያለ ፊልም ሲተነትኑ ሦስት ነገሮችን እንዲመዘግቡ እመክራለሁ፦ ማን ሳይቋረጥ ይናገራል? የማን ንግግር በሳቅ ወይም በጥይት ይቋረጣል? ከተናገረስ በኋላ ካሜራው ፊቱ ላይ ምን ያህል ይቆያል? ዘዴው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የእጅ ሰዓትና ወረቀት ይበቃሉ። ውጤቱ ግን ፊልሙ በይፋ ከሚናገረው መልእክት ይልቅ ማንን እንደ ሰው እንደቆጠረ በግልጽ ያሳያል።

 መድረኩ ለጥያቄና ለውይይት ክፍት ነው።