የወታደር ሜዳይና ጥብጣብ ምን ይናገራል?

በዚህ እትም የምጽፈው ስለ ሜዳይ ነው። የሩጫ ሜዳይ አይደለም፣ የወታደር ነው።

ለምን መረጥሽው ብትሉኝ፣ ትንሽ ልጅ እያለሁ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። አኮ ሳጥን ውስጥ የወንድሟ ሜዳይ አለ። እኔ ጥብጣቡን በመቀስ ቆርጬ የአሻንጉሊቴን ፀጉር አሰርኩበት። አኮ አልመታችኝም፤ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ ቁራጭ ጨርቅ ምን ያስለቅሳል ብዬ ነበር።

ሜዳዩ የኮሪያ ነው። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ኮሪያ ሄደ። (ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው።) ከዚያ ሌሎችም እየተተካኩ ዘመቱ። ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ የተማረከ ግን አንድም የለም።

ሜዳዩን የሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነው። ከፊት የድርጅቱ ዓርማ፣ ከኋላ ጽሑፍ አለው። ጽሑፉ ለየአገሩ በየቋንቋው ስለሆነ የእኛዎቹ በአማርኛ ነው። ጥብጣቡ ላይ 9 ሰማያዊና 8 ነጭ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። የተረፈውን ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ።

ጥብጣብ ለጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ አይደለም። ወታደር ሁልጊዜ ሜዳዩን አንጠልጥሎ አይሄድም። በእሱ ፈንታ የጥብጣቡን አጭር ቁራጭ ከግራ ደረት ኪሱ በላይ ያደርጋል። የሚያውቅ ሰው ቀለሙን ብቻ አይቶ «ይሄ ሰው ኮሪያ ዘምቷል» ይላል። ስለዚህ ጥብጣብ እንደ ፊደል ይነበባል ማለት ነው። እኔ የቆረጥኩት ፊደሉን ነው።

የአርበኞች ሜዳይ ጥብጣብ ላይ ደግሞ ትንንሽ ዘንባባ ይደረጋል፣ ለአንድ የአርበኝነት ዓመት አንድ ዘንባባ። ከጣሊያን ጋር አምስቱንም ዓመት የታገለ ባለ አምስት ዘንባባ ይባላል። ይሄ ነገር ለእኛ ለኢሉባቦር ልጆች ሩቅ ወሬ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ከአገር ሲወጡ የመንግሥት መቀመጫ የሆነችው እኮ ጎሬ ነች፤ ራስ እምሩም እዚያ ነበሩ። አሁን ከመቱ ጎሬ ስንሄድ ግን መኪና ውስጥ የሚወራው የቡና ዋጋ ብቻ ነው!

የሞተ ሰውስ ሜዳይ እንዴት ያደርጋል? ለቤተሰቡ ይሰጣል። እንግሊዞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሞቱት ወታደሮች ቤተሰብ ክብ የነሐስ ሰሌዳ ሰጥተዋል። እላዩ ላይ የሟቹ ስም ብቻ እንጂ ማዕረግ አይጻፍም። ጄኔራሉም ተራው ወታደርም እኩል። እኔ ከሁሉም ይሄንን ወደድኩት።

የአኮ ወንድም ግን በሕይወት ተመልሰዋል። ሚያዝያ 27 ሜዳዩን አድርገው ሲወጡ ሰው «ጀግና» ካላቸው ፊታቸው ይለወጥ ነበር አለችኝ። «የእኔ አይደለም፣ እዚያ የቀሩት ልጆች ነው» ይሉ ነበር። አንድ ድንኳን አብሯቸው የሚያድር ጓደኛ ነበራቸው፤ አልተመለሰም። እሳቸው ካረፉ በኋላ ያንን ልጅ የሚያስታውስ እኛ ቤት ያለው ሜዳዩ ብቻ ነው።

አምና አሮጌ ሳንቲም የሚገዛ ሰውዬ መጣና ሜዳዩን አገላብጦ «ጥብጣቡ ስለተቆረጠ ዋጋው ይቀንሳል» አለ። አጎቴ ሊሸጠው ፈልጎ ነበር። አኮ «ሙሉ ቢሆንስ ማን ይሸጥልሃል?» ብላ ሳጥኑን ቆለፈች። እኔ በሃፍረት ወጣሁ።

ማታ ቆጡ ላይ ወጥቼ አሻንጉሊቷን ፈለግኳት። አንድ እግሯ የለም፣ ጥብጣቡ ግን ቆሽሾ ፀጉሯ ላይ ነበር። አጥቤ ለአኮ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ በነጭ ክር ሰፋችው። ስፌቱ ይታያል፣ መስመሮቹ ግን ገጥመዋል።