የዓይን ቆብ ለምን ይርገበገባል?

በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበው በያዮ ደን ውስጥ ቡና በዱር ይበቅላል። ቡና ከአቦል እስከ በረካ በሚጠጣበት በዚህ አካባቢ የዓይን ቆቡ ደጋግሞ የሚርገበገብበት ሰው በመጀመሪያ ስንት ሲኒ እንደጠጣ ይቁጠር።

በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ነርቭን ያነቃቃል፤ ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ አለ። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ የዓይን ድርቀትና ስልክ ላይ ማፍጠጥም የቆቡን ጡንቻ ይቀሰቅሳሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ቡና መቀነስ፣ በቂ እንቅልፍ መተኛትና ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተከደነ ዓይን ላይ ማሳረፍ ያስታግሱታል።

ለሳምንታት ከቆየ፣ ዓይንን እስከ መዝጋት ከደረሰ ወይም ወደ ጉንጭ ከተዛመተ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በትራኮማ ምክንያት ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት የዓይን ብሌንን እየቧጨረ ከሆነ ደግሞ እረፍት አይበቃም፤ ቀዶ ሕክምናው ከዘገየ ዓይን ሊጠፋ ይችላል።