በሽቦና በብርሃን መስመር ላይ የአናሎግ-ዲጂታል መቀየሪያዎች

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚዘረጋ የመዳብ መስመር ዋና ፈተናው ርቀት ነው። መዳብ በረዘመ ቁጥር ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ሞገድ አስቀድሞ ያዳክማል፤ ጫፉ ላይ የሚደርሰው የጠራ አንድና ዜሮ ሳይሆን ከጫጫታ ጋር የተደባለቀ ደካማ ቮልቴጅ ነው። ይህን ቮልቴጅ ለክቶ ወደ ቁጥር የሚለውጠው የአናሎግ-ዲጂታል መቀየሪያ ነው። ብዙዎች የመቀየሪያን ብቃት በሰከንድ በሚለካው ብዛት ይመዝናሉ። ለረጅም መስመር ግን ወሳኙ የልኬቱ ትክክለኛነት ነው ባይ ነኝ። በስልክ ሽቦ ኢንተርኔት የሚያደርሰው ኤዲኤስኤል የሚጠቀመው እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 2.2 ሚሊዮን ያህል ልኬት ይበቃዋል። ነገር ግን ከሩቅ የመጣው ደካማ ምልክት ሞደሙ ራሱ ከሚልከው ኃይለኛ ምልክት ጋር በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ ስለሚገናኝ፣ ሁለቱንም የሚችል እስከ 14 ቢት የሚደርስ መቀየሪያ ይፈልጋል። በተቃራኒው በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የ10 ጊጋቢት ኢተርኔት በእያንዳንዱ ጥንድ ሽቦ በሰከንድ 800 ሚሊዮን ምልክት ያሳልፋል፤ የሚደርሰው ግን 100 ሜትር ብቻ ነው። እንደ ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላለ ግቢ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ይህ ይበቃል፤ ለቀበሌ መስመር ግን አይሆንም።

ፍጥነትን ለማግኘት አንዱ መንገድ ሁሉንም ደረጃ ባንድ ጊዜ ማነጻጸር ነው፤ ለ8 ቢት 255 አነጻጻሪ ያስፈልጋል፣ ኃይሉም ይበዛል። ሌላው በአንድ አነጻጻሪ ደረጃ በደረጃ እየቀረቡ መለካት ነው፤ ቆጣቢ ቢሆንም ዝግተኛ ነው። ዛሬ የሚመረጠው ብዙ ዝግተኛ መቀየሪያዎችን በተራ ማሠራት ነው። ለአረም ወንፈል የወጡ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ትልም እንደሚይዙ፣ እነዚህም ተራቸውን ይይዛሉ፤ የአንዱ ትልም ከተጣመመ ማሳው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ዋናው ድካም ሰዓትን ማስተካከል ነው፦ በ28 ጊጋኸርዝ ምልክት ላይ 6 ቢት ያህል ትክክለኛነት ለማግኘት የሰዓቱ መንቀጥቀጥ ከ70 ፌምቶሰከንድ ብዙም መብለጥ የለበትም።

ፋይበር ከተዘረጋ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ረጅሙ የብርሃን መስመር ግን ዛሬ መረጃን የሚሸከመው በብርሃኑ ፌዝ (የሞገዱ የዑደት ደረጃ) እና ጥንካሬ ጭምር ነው፤ ተቀባዩ ጋ በሰከንድ በአሥር ቢሊዮኖች የሚለካ መቀየሪያ የግድ ነው። የተሳሳተ ልኬትን ዲጂታል ስሌት ያርመዋል የሚለው ሙግትም ግማሽ እውነት ነው፤ ቋሚ ስሕተት ይታረማል፣ በጫጫታ የተዋጠው ግን አይመለስም፣ ማጉያውም ጫጫታውን አብሮ ያጎላል። በሌላ በኩል፣ የሙቀት ጫጫታ ገደብ በሆነበት ንድፍ አንድ ተጨማሪ ቢት ኃይሉን አራት እጥፍ ያደርገዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ገጠር በባትሪ ለሚሠራ ጣቢያ ይህ ከባድ ዕዳ ስለሆነ፣ የቢቱ ቁጥር መወሰን ያለበት የመስመሩ ርዝመትና ጫጫታ ከተለኩ በኋላ ነው።